ትናንት ሸኘነው

ውጭ አገር ተምሮ የተመለሰ ሰው ሻንጣው ብቻ ሳይሆን ዓይኑም መፈተሽ አለበት። የእኔን ጉምሩክ ላይ ይዘው ቢያስቀሩልኝ ኖሮ ይህ ሁሉ ጉድ ባልደረሰብኝ። የተማርኩት ዘመናዊ ሥነ ጥበብ ነው። ያልተነጠፈ አልጋ ወይም ግድግዳ የተደገፈ ባዶ ወንበር ሲያዩ «ምንድን ነው?» አይባልም፤ «ምን ይላል?» ነው የሚባለው። ይህን ለማወቅ ምን ያህል ብርድ እንደጠጣሁ ባታውቁት ይሻላል።

ዲግሪዬን ይዤ ስመጣ አዲስ አበባ ላይ ጋለሪ ለጋለሪ ተንከራተትኩ። ተመልካች መስዬ እገባለሁ፤ ሲቪዬ ቦርሳዬ ውስጥ ነው። አንዱ ጋ ጥግ ላይ ከቆመ መሰላል ፊት እጄን አጣጥፌ ብዙ ቆየሁ። ዘበኛው መጥቶ፣ ጌታዬ፣ ቀለም ቀቢው ምሳ ሄዶ ነው፣ ሲመለስ ይወስደዋል አለኝ። ከዚያ ወዲያ ከወልድያ ብዙም በማትርቀው መርሳ፣ እናቴ ቤት ገብቼ ተኛሁ። ጎረቤት ሲጠይቃት «እረፍት ላይ ነው» ትላለች። ከምን እንደማርፍ ግን ማንም አልጠየቀም።

በዚህ መሀል ጋሽ ተፈራ የሚባሉ ጡረታ የወጡ የሥዕል መምህር ስለ እኔ ከሰው ሰምተው ከወልድያ ደወሉልኝ። ግቢያቸውን ጋለሪ ሊያደርጉት ነው፤ የሚያስተዳድርላቸው ሰው ይፈልጋሉ። የመጀመሪያው ዝግጅት ስለ ሐዘን ነው፣ ድንኳን እተክላለሁ፣ ቅዳሜ መጥተህ እየውና ስለ ሥራው እንነጋገራለን አሉኝ። እናቴ ሸሚዜን ደጋግማ ተኮሰች።

ቅዳሜ በሚኒባስ ወልድያ ገባሁ። ድንኳኑ እውነትም ተተክሏል። ሰዎች አግዳሚ ላይ አንገታቸውን ደፍተው ተቀምጠዋል። ፊት ለፊት የራሳቸው የጋሽ ተፈራ ፎቶ፣ ጥቁር ሪባን ታስሮበት። ሠዓሊው ራሱን ሟች አድርጎ አቀረበ ማለት ነው። እንዴት ያለ ድፍረት ነው? እንዲህ ያለውን ውጭ እንኳ አላየሁም።

በር ላይ የቆሙትን ሽማግሌ ጨበጥኩና ሥራው ልብ ይነካል አልኳቸው። የእሱ ሥራማ ተነግሮ አያልቅም አሉኝ። እሳቸውስ የት አሉ አልኩ። ትናንት ሸኘነው አሉኝ፣ ድምፃቸው እየተቆራረጠ። እኔም መንገድ የሄዱ መስሎኝ፣ መቼ ይመለሳሉ ብዬ ጠየቅኩ።

ድንኳኑ ውስጥ አንዲት ሴት ጮኸች። ሽማግሌው የጋሽ ተፈራ ታላቅ ወንድም ኖረዋል፤ ትክ ብለው አዩኝና፣ ልጄ፣ አገርህ የት ነው አሉኝ። መርሳ ለማለት አፈርኩ።

ጋሽ ተፈራ ድንኳኑን ሐሙስ ዕለት በገዛ እጃቸው ተክለው ሲጨርሱ፣ ደከመኝ ብለው ገብተው ተኙ። በዚያው ቀሩ። ለቀስተኛው ሲመጣ ድንኳኑ ተዘጋጅቶ ጠበቀው። እንግዲህ ዝግጅታቸው ተከፍቷል ልበል?

አግዳሚው ጫፍ ላይ ተቀመጥኩና እንባዬ መጣ። ከድምፃቸው በቀር የማላውቃቸው ሰው ናቸው። እውነቱን ለመናገር፣ ለእሳቸውም አለቀስኩ፣ ለቀረብኝ እንጀራም አለቀስኩ። እንዲያ ሆዴ ብሶኝ አያውቅም። ለቀስተኞቹ የቅርብ ዘመድ መስያቸው በጣም አዘኑልኝ፤ ወንድምየው ራሳቸው ተነሥተው ትከሻዬን ያዙኝ።

መርሳ ስደርስ እናቴ በር ላይ ቆማ ትጠብቀኛለች። ታዲያ፣ ስለ ሥራው ምን አሉህ አለችኝ።

«እግዜር ያጥናህ» አሉኝ አልኳት።