መጋቤ አፍንጫና የሕፃኑ ጆሮ

ደብረ ማርቆስ ላይ ልጅ ሁለት ጊዜ ይወለዳል፤ አንድ ጊዜ ከእናቱ ማህፀን፣ አንድ ጊዜ ከመልክ ዳኛ አፍ። የመጀመሪያው ምጥ ያልፋል። የሁለተኛው ፍርድ ግን ይግባኝ የለውም።

አራሷ አይናዲስ በምትኖርበት ሰፈር ይህን ከፍተኛ ሥልጣን የያዙት ክብርት መጋቤ አፍንጫ እትዬ ወለተ ሰንበት ናቸው። ማንም አልሾማቸውም፤ ሊሽራቸው የቻለም የለም። አራስ ቤት ሲገቡ «እንኳን ማርያም ማረችሽ» ከማለታቸው በፊት የሕፃኑን መታቀፊያ ይገልጣሉ። «አገጩ የአጎቱ! ግንባሩ የአያቱ! አፍንጫ አይዋሽም!» አንዲት የዋህ ነፍሰ ጡር የአልትራሳውንድ ፎቶ ብታሳያቸው፣ ጥቁሩን ወረቀት ዘቅዝቀው ይዘው «ቁርጥ አባቷን!» ብለዋል። ደምበጫ ገበያ ላይ ደግሞ ፈረስ አይተው ባለቤቱን ለይተዋል ይባላል፤ በጥርስ።

መሳቅ የሚቻለው የራስ ተራ እስኪደርስ ነው። አንድ ክርስትና ላይ «ቅንድቡ ወደ ጎረቤት ያደላል» በማለታቸው፣ ያ ትዳር ከፋሲካ እስከ መስቀል በሽማግሌ ሲጠገን ከርሟል።

አይናዲስ እንቅልፍ ያጣችው ለዚህ ነው። እሷም ባሏ መምህር አበባውም ጠይም ናቸው፤ የበኩር ልጃቸው ግን ቀይ ሆኖ ቁጭ አለ። ጆሮዎቹ ደግሞ እንደ ድስት እጀታ ወደ ውጭ ቆመዋል። እንዲህ ያለ ጆሮ በሁለቱም ወገን አልታየም። ራሷን ታውቃለች፤ ሐሜት ግን ማስረጃ አይጠይቅም። አማቷ እማማ ጥሩብርሃን ሕፃኑን ባዩት ቁጥር «እህም» ይላሉ። ይህ «እህም» የአገር ወሬ ለመሆን የቀረው የእትዬ ወለተ ሰንበት አንዲት ቃል ነች።

አበባው የባዮሎጂ አስተማሪ ነውና መፍትሔው ትምህርት መሰለው። በክርስትናው ዋዜማ፣ እትዬ ጠላ ሊያጠልሉ ሲመጡ ያዛቸው።

«እትዬ፣ ባለፈው ማጭድ ጣትዎን ቆርጦዎት አልነበር? ቆዳው ልክ እንደ ድሮው ሆኖ ዳነ። ይህ ማይቶሲስ ነው። አንዱ ህዋስ አንድ ጊዜ ይከፈላል፤ የሚወጡት ሁለቱ ቁርጥ እሱን ናቸው።»

«ታዲያ ልጅስ እንዲያ አይሆንም?»

«ልጅ የሚሆነው ዘር የሚመጣው በሚዮሲስ ነዋ! መጀመሪያ ከወንድ አያት የመጣውና ከሴት አያት የመጣው እርስ በርሱ ይቀያየራል። ከዚያ ህዋሱ ሁለት ጊዜ ተከፍሎ አራት ይወጣል። አራቱም ግማሽ ግማሹን ብቻ ይይዛሉ፤ አንዱም ሌላውን አይመስልም። የእናት ግማሽ ከአባት ግማሽ ሲገናኝ ነው ልጅ የሚሞላው።»

እትዬ ጠላውን ቀመስ አደረጉ። «ሁለት ጊዜ ተከፍሎ፣ ግማሽ ደርሶ፣ የአንዱ ድርሻ ከሌላው የማይመሳሰል? ይኸማ የወንድማማች የመሬት ክፍፍል ነው! ይህን ለማወቅ ነው እንዴ ዩኒቨርሲቲ የገባኸው?»

አይናዲስ ጓዳ ሆና ሰማች፤ ተስፋዋን ቆረጠች።

በማግስቱ ከቤተ ክርስቲያን መልስ ዳሱ ሞላ። ሕፃኑን እትዬ ታቀፉት። ገልጠው አዩ። አገላብጠው አዩ። ፍርዱን አዘገዩት። በሰፈሩ ታሪክ ሆኖ የማያውቅ ነገር!

«እስቲ ፍረጂ» አሉ እማማ ጥሩብርሃን፣ ዳሱ ሁሉ እንዲሰማ። «ይኸ ጆሮ ከየት የመጣ ነው?»

እትዬ ቀና ብለው አይናዲስን አዩ። ከንፈሯ ደርቋል። ከዚያ ወደ አማትየዋ ዞሩ።

«ጥሩብርሃን፣ የባልሽን አያት አለቃ ዘማርያምን ታውቂያቸው ነበር?»

«ኧረ የት አውቄያቸው!»

«ታዲያ ስለ ጆሮ ምን አገባሽ! የአለቃ ጆሮ እኮ ነው! ቅላቱም የሳቸው! እየተቀያየረ፣ በግማሽ በግማሽ እየተከፈለ፣ ሲወርድ ሲዋረድ መጥቶ እዚህ ልጅ ላይ ጉብ አለ። ሚዮሲስ ይባላል፤ አልተማርሽም እንጂ!»

አንድ አዛውንት ቄስ አላውቅም ማለት ቢከብዳቸው «እውነት ነው፣ ጆሯቸውስ ጆሮ ነበር» ብለው መሰከሩ። እልልታው ዳሱን ነቀነቀው። እማማ ጥሩብርሃን ሕፃኑን ነጥቀው ሁለቱንም ጆሮዎቹን ሳሙ። አበባው ማጨብጨብ ጀመረ፤ ተማሪዎቹ እንዲህ አጥርተው መልሰውለት አያውቁም።

አመሻሹ ላይ አይናዲስ እትዬን እስከ ባጃጁ ሸኘቻቸው።

«እትዬ፣ አለቃ ምን ዓይነት ሰው ነበሩ?»

«ምኑን አውቄው ልጄ! እሳቸው ሲሞቱ እናቴ ገና አላገባችም» አሉና ነጠላቸውን ሰብስበው ገቡ።

ባጃጁ ሳይንቀሳቀስ አይናዲስ ጎንበስ ብላ፣ ገና ላልተፀነሰው ለሁለተኛው ልጅ ክርስትና ከወዲሁ ጠራቻቸው።