እንስሳ ሁሉ የሚወዳት ኒቬስ

በየመሥሪያ ቤቱና በየሰፈሩ እንስሳ ሁሉ የሚወደው አንድ ሰው አይጠፋም። አላፊ አግዳሚውን የሚነክስ ውሻ እሱ ዘንድ ሲደርስ ጆሮውን ጥሎ እግሩ ሥር ይተኛል። የጎረቤት ድመት ባለቤቷን ትታ እሱ ደጃፍ ላይ ታረፍዳለች። ሰውየው አይጠራም፣ አያባብልም፤ ዝም ብሎ ይቆማል፣ ይወደዳል። እንዲህ ካለ ሰው ጋር ዘጠኝ ዓመት መሥራት ምን እንደሚመስል የማያውቅ ካለ እኔን ይጠይቅ።

የእኛዋ ክብርት ወይዘሮ ኒቬስ ቦርቶሎቲ ትባላለች፤ የታውንስቪል ከተማ ነጫጭ አይጦች እመቤትና ጠባቂ። አባቷ ኢንግሃም በሚባል ገጠር ሸንኮራ ሲያለማ አይጥ በመቶ በመቶ ይፈጅ ነበር። ልጅቱ የአባቷን በደል የምትክስ ይመስል፣ ሠላሳ ዓመት ሙሉ በምርምር ቤታችን አይጥ ስታበላ፣ ስታጠጣና ሣጥናቸውን ስታጸዳ ኖራለች። ነክሷት የሚያውቅ አይጥ የለም። የእኔን ጣት ያየ ግን ወንፊት ይመስለዋል።

አይጡ ብቻ ቢሆን እንኳ በቻልኩት። መኪና ማቆሚያው ሣር ላይ እንቁላል የምትጥል አንዲት ወፍ አለች። አለቃችንን ዶክተሩን ታባርራለች፣ ፖስተኛውን ታባርራለች፣ እኔን እስከ በሩ ድረስ አናቴን እየጠለዘች ትሸኘኛለች። ኒቬስ ስታልፍ ግን ክንፏን ሰብስባ እንደ ደጅ ጠኚ ትቆማለች። አምና ለገና ግብዣ የገዛ ውሻዬን ይዤ ሄድኩ፤ ከቡችላነቱ ጀምሮ አሥራ አንድ ዓመት ያሳደግኩትን። የኒቬስ ጫማ ላይ አገጩን አስደግፎ ዋለ። ቋሊማ ሳሳየው ቀና ብሎ አየኝና መልሶ ተኛ።

«ምን አድርገሽው ነው?» አልኳት።

«እኔ? ምንም። ደክሞታል መሰለኝ።»

ይህ ነው የሚያበግነው። ብትኮራ እንኳ በጠላኋት።

ሥራችን ትል ነው። ትሉ ከአይጥ ወደ ቀንድ አውጣ፣ ከቀንድ አውጣ ወደ ሰላጣ፣ ሳይታጠብ ከተበላ ሰላጣ ደግሞ ወደ ሰው አንጎል የሚዘልቅ መንገደኛ ነው። ዝናብ በመጣ ቁጥር በውርርድ ቀንድ አውጣ የሚውጥ አንድ ጎረምሳ አይጠፋምና ሆስፒታሉም ያውቀዋል። እኛ የምንፈልገው በሽታው ራሱን የሚገልጥበትን የመጀመሪያውን ቀን ነው። መድኃኒቱ ቶሎ ከተጀመረ ይረዳል፤ ከዘገየ አይረዳም።

ስለዚህ ዶክተር ማክሊሽ ከሃያ አራት አይጦች ለግማሾቹ የትሉን እጭ፣ ለግማሾቹ ውኃ ብቻ በአፋቸው ይሰጣል። ማን ምን እንደወሰደ የሚያውቁት እሱና በመሳቢያው ያለው የታሸገ ፖስታ ብቻ ናቸው። እኔ ሳላውቅ በየጠዋቱ እያንዳንዱን እመዝናለሁ፣ በቀጭን ዘንግ ላይ አስኬዳለሁ፣ ነጥብ እሰጣለሁ። እግሩ የከዳው ሳይሠቃይ በመርፌ ይተኛል። ዘንጉ ላይ ማንም አይደርስብኝም፤ በእሱ እኮራለሁ።

አንድ ቀን ኒቬስ የቆሻሻ ከረጢቷን እየጎተተች ስትወጣ፣ «ሰባት ቁጥር ዛሬ ልቡ እዚህ የለም» አለች።

ሰባት ቁጥርን ዘንጉ ላይ አወጣሁት። እንደ ሰርከስ ባለሙያ ተሻገረ።

«በምን አወቅሽ?»

«ያስታውቃላ።»

በሁለተኛው ቀን ሰባት ቁጥር ከዘንጉ ወደቀ። ቀጥሎ አሥራ አንድ ቁጥር፣ ቀጥሎም ሃያ። ሁሌም ከእኔ ዘንግ ሁለት ቀን ትቀድማለች። ሁሌም «ያስታውቃላ»። ጠረጴዛዬ ጋ ስታልፍ ደግሞ አንድ የማታስቀረው ነገር አላት። የቢሯችን አየር ማቀዝቀዣ አጥንት ስለሚሰብር፣ ጠዋት ጠዋት ሹራቤን ወንበሬ ላይ አነጥፌ፣ ኩባያዬን በቀኝ፣ መነጽሬን በግራ ሳላደርግ ሥራ አልጀምርም። እሷም ገረመም አድርጋኝ፣ «ጎጆሽን ሠራሽ፣ ግሌኒስ?» ትላለች። እንደ አይጥ የቆጠረችኝ ይመስለኝ ነበር።

እናም አንድ ማክሰኞ ዶክተሩ ጋ ገባሁ።

«ኒቬስ ፖስታውን አይታለች» አልኩት።

«ማስረጃ አለሽ?»

«ሦስት ጊዜ ከዘንጉ ቀድማ ተናግራለች። ነቢይ ካልሆነች አይታለች ማለት ነው።»

ብዕሩን አስቀመጠ። «እውነት ከሆነ የሠራነው ሁሉ ይጣላል። እሷም ከዚህ ቤት ትወጣለች። ገብቶሻል?»

ገብቶኛል አልኩ። ደስ አለኝ፤ የዓይን ጥቅሻ ያህል ደስ አለኝ። ከዚያ በኋላ ምሳ አልወረደልኝም።

ሌላ ሃያ አራት አይጥ መጣ። ዶክተሩ በሩን ዘግቶ ብቻውን እጩን ሰጠ፤ ፖስታውን ወደ ቤቱ ወሰደው። እኔና እሷ በየማስታወሻችን፣ በአሥረኛው ቀን፣ የታመመውንና ጤነኛውን ለይተን እንድንጽፍ ተነገረን።

«ፈተና ነው እንዴ?» አለች ኒቬስ።

«ነው» አለ ዶክተሩ።

«ትምህርት ቤት ሂሳብ ላይ ወድቄያለሁ፤ ቀድሜ ልንገርህ ብዬ ነው።»

ፖስታው ተከፈተ። እኔ ከሃያ አራቱ አሥራ ሦስት አገኘሁ፤ ሳንቲም ብወረውርም አላጣውም ነበር። ኒቬስ ሃያ ሦስት። የሳተችው አሥራ ሰባት ቁጥርን ብቻ ነው፤ ታሟል ብላ ጽፋለች፤ እሱ ግን የጠጣው ውኃ ነው። ያቺን አንዲት ስህተት እንደ ዋንጫ ታቅፌ አደርኩ።

በማግስቱ አሥራ ሰባት ቁጥርን ስመዝን ቀሎብኝ አፉን ከፈትኩ። የታችኛው ጥርሱ አድጎ እንደ ማጭድ ተቆልምሟል፤ ምግብ መቆርጠም አቅቶታል። ክፍሉ ውስጥ ከእኔ ሌላ ሰው አልነበረም። ጥርሱን ከርክሜ ብመልሰው ማን ያውቃል? ዋንጫዬም ከእኔ ጋር ይቀራል። አይጡን በመዳፌ ይዤ ረጅም ጊዜ ቆምኩ። እሱም፣ ለመጀመሪያ ጊዜ፣ ሳይነክሰኝ ቆየ።

ዶክተሩ ጋ ይዤው ሄድኩ። «ሃያ አራት ነው ያገኘችው» አልኩ። «ይሄም ታሟል፤ ትል ባይሆንም።»

ኒቬስ ተጠራች። «በምን ታውቂያለሽ?» አላት ዶክተሩ።

«ጎጇቸው ነዋ» አለች ግር ብሏት። «ማታ ወረቀት እሰጣቸዋለሁ። ጤነኛው ሲቦጫጭቅ አድሮ ጎጆ ይሠራል። የከፋው ወረቀቱን አይነካውም።»

ዶክተሩ ወደ እኔ ዞረ። «ዘጠኝ ዓመት ጎጆ አይተሽ አታውቂም?»

አላየሁም። እኔ ዘንጌን ይዤ የምገባው እሷ ሣጥኑን ከጠረገች በኋላ ነው። የምፈልገው ምልክት በየጠዋቱ በቆሻሻ ከረጢት ተሞልቶ በአጠገቤ ያልፍ ነበር።

«ለምን አልተናገርሽም ታዲያ?» አላት።

«ማን ጠየቀኝ? እሷ ብቻ ጠየቀችኝ፤ እሷም እየተቆጣች። የምታውቀው መሰለኝ።»

የነጥብ መስጫው ቅጽ ላይ «ጎጆ» የሚል አምድ ተጨመረ። የኒቬስን ማስታወሻ ወደ ቅጹ እንድገለብጥ ተሰጠኝ። ጽሑፏ የልጅ ይመስላል። አንድ፣ ሠርቷል። ሁለት፣ አልሠራም። እንዲህ እያለ እስከ ሃያ አራት። ከሥሩ ግን አንድ መስመር ተረፈ፦

«25፣ ግሌኒስ። ዶክተሩን ካነጋገረችበት ማክሰኞ ወዲህ ጎጆ አልሠራችም። ምሳዋንም ሳትበላ እየመለሰች ነው። ትል አይመስለኝም።»

ወንበሬን ዞሬ አየሁት። ባዶውን ነው። ሹራቤ ከዚያ ማክሰኞ ጀምሮ መኪናዬ ውስጥ ተጠቅልሎ ቀርቷል።

ዘጠኝ ዓመት የቀናሁት በኒቬስ ይመስለኝ ነበር። ለካ በአይጦቹ ነው የቀናሁት፤ በወፏም፣ በዚያ ከሃዲ ውሻዬም። እንደዚያ የሚያያቸው ሰው ስላላቸው። እኔም በተራ ቁጥር ተመዝግቤ ነበር።

ወጥቼ ሹራቤን አመጣሁ፤ ወፏ አናቴን ሁለቴ መታችኝ። ወንበሬ ላይ አነጠፍኩት፤ ኩባያዬን በቀኝ፣ መነጽሬን በግራ አደረግሁ። ኒቬስ ከረጢቷን እየጎተተች መጣች፤ ወንበሩን አየች፤ እኔን አየች።

«ተሻለሽ?» አለች።

«በምን አወቅሽ?»

«ያስታውቃላ።»