መኪናዬ ሰም አስቀብታ ልትሸጠኝ ስትል

ዛሬ ሊነጋጋ ሲል ያየሁት ሕልም የጀመረው መኪናዬ የመኝታ ቤቴን በር አንኳኩታ ስትገባ ነው። ያቺው አሮጌዋ ሰማያዊ መኪናዬ ናት። በኋለኞቹ ጎማዎቿ ቆማ፣ የኔን ካፖርት ኮፈኗ ላይ ደርባ ነበር። እኔ ግን አልደነገጥኩም። ቅር ያለኝ ጎማዋን በረንዳው ላይ ሳትጠርግ መግባቷ ብቻ ነው።

"ተነሳ፣ ስማቸው" አለችኝ። "ላቫጆ ልወስድህ ነው።"

"እኔን?"

"ታዲያ ማንን? ቆሽሸሃል እኮ።"

ሱሪዬን ልፈልግ ስል ጆሮዬን ያዘችና እንደ ማርሽ ወደ ፊት ገፋችው። እግሬ ያን ጊዜውኑ በራሱ መራመድ ጀመረ።

ስንወጣ የፍኖተ ሰላም አስፋልት በሰው ተሞልቷል። ሰዉ ሁሉ ቀኙን ይዞ ይሮጣል። መኪኖች ደግሞ በእግረኛው መንገድ ሁለት ሁለት ሆነው፣ እያወሩ፣ ቀስ እያሉ ይሄዳሉ። አንድ የማውቃቸው ዳኛ ሚኒባስ አዝለው እያለከለኩ አጠገቤ ደረሱ።

"እንደምን አደሩ?" አልኳቸው።

"ሞልቷል፣ ሌላ ያዝ" ብለውኝ አለፉ።

ላቫጆው ውስጥ መኪኖች በፕላስቲክ ወንበር ተቀምጠው በብርጭቆ ዘይት ይጠጣሉ። ባለቤቶቻቸው በካናቴራ ሆነን ተሰለፍን። አጣቢዎቹ አህዮች ነበሩ። ሁሉም የላስቲክ ቦቲ ተጫምተዋል። ተራዬ ሲደርስ አለቃቸው፣ አንድ ግራጫ አህያ፣ ውሃውን ከላይ እስከ ታች ለቀቀብኝ።

"በርዶኛል። እጥበቱን ተወውና ሰሙን ቀባኝ" አልኩት።

"ጭቃ ሳይለቅ ሰም የሚቀባ ሰው የሚያስጌጠው ጭቃውን ነው" አለና ጆሮዬን ጠመዘዘኝ። አንገቴን፣ ብብቴን፣ በእግሬ ጣቶች መካከል ሳይቀር አሸኝ። በፎጣ አደራረቀኝና ጎትቶ የዋርካው ጥላ ሥር አቆመኝ። ፀሐይ ላይ የተቀባ ሰም አይይዝም አለኝ።

ከዚያ ቆርቆሮውን ከፈተ። በጨርቁ ጫፍ ብቻ ነካ አድርጎ፣ ክብ ክብ እያደረገ በስሱ ይቀባኝ ጀመር።

"ጨመር አድርግልኝ እንጂ" አልኩት።

"ሰም ሲበዛ ውበት አይሆንም። አቧራ ይሰበስባል።"

ራሰ በራዬ ላይ ሲደርስ ፊቱ ፈካ። "እንዲህ ያለ ሜዳ ካገኘሁ ቆየሁ" አለና ሌሎቹን አህዮች ጠርቶ አሳያቸው። ሰሙ ደርቆ እንደ ጉም እስኪነጣ ድረስ እንዳልነቃነቅ አስጠነቀቀኝ። በመጨረሻ በለስላሳ ጨርቅ ወለወለኝ። አጠገቤ ያቆረ ውሃ ነበርና ጎንበስ ብዬ ራሴን አየሁ። የሠርጌ ዕለት እንኳ እንደዚያ አላማረብኝም።

"ምን ያህል ይቆያል?" ብዬ ጠየቅሁ።

"ዝናብ ካልመታህ፣ ሚስትህም ካላለቀሰችብህ ክረምት ድረስ ያደርስሃል" አለኝ አህያው።

ደስ ብሎኝ ወደ መኪናዬ ዞርኩ። እሷ ግን ዓይኔን ሸሸች፤ መብራቶቿን ወደ መሬት ሰበረች።

"ገዢ እየመጣ ነው" አለችኝ።

"የምን ገዢ?"

"ያንተ።"

"ልትሸጪኝ ነው?"

"ምን ላድርግ፣ ስማቸው? አቀበት ላይ ታለከልካለህ። ጠዋት አትነሳም። ከተነሳህም ታጉረመርማለህ።"

"አንቺስ ጠዋት መቼ ትነሺያለሽ? ስንት ጊዜ እየገፋሁ አስነስቼሻለሁ።"

"አውቃለሁ። አልነሳም ብልህም አልሸጥከኝም። ደግ ሰው ነህ" አለችና ጥሩምባዋን ቀስ አድርጋ ነካችው፤ እንደ ሲቃ ያለ ድምፅ ወጣት። "እኔ ግን መኪና ነኝ።"

ይህን እያወራን ገዢው ደረሰ። መነጽር ያደረገ ትልቅ ቀይ የጭነት መኪና ነው። ከፊት ከፊቱ ደላላው ይመራዋል። ደላላው ፍየል ነበር፤ ጢሙን እያሻሸ ቶሎ ቶሎ ያወራል።

"ጌታዬ፣ እንዲህ ያለ ሰው አያገኙም። በአንዲት ባለቤት እጅ ብቻ የቆየ ነው።"

"አደጋ ደርሶበታል?" አለ የጭነት መኪናው።

"አንዴ አግብቷል። ከዚያ ወዲህ ምንም የለበትም።"

የጭነት መኪናው አፌን ከፍቶ ጥርሴን አየ። ሆዴን በጎማው መታ መታ አድርጎ አዳመጠ። "ነዳጅ ይበላል?"

"ሽሮ ነው የሚበላው፣ ትንሽ ይበቃዋል" አለች መኪናዬ። ዋሽታለች፤ ትንሽ አይበቃኝም። ቢሆንም ስለ እኔ እንዲያ ስትናገር ሆዴ ባባ።

"አብረቅራቂነቱስ?"

"ተፈጥሮው ነው" አለ ፍየሉ። አህያው አንገቱን ደፍቶ ጨርቁን መጭመቅ ጀመረ።

የጭነት መኪናው "ሳልሞክረው አልገዛም" ብሎ ትከሻዬ ላይ ወጣ። እንደ ባዶ ቅርጫት ቀለለኝ። ማርሽ ነው ብሎ ጆሮዬን ሲገፋው አስፋልቱን ይዤ መሮጥ ጀመርኩ። ሰው ሁሉ ዓይኑን እየጋረደ መንገድ ይለቅልኛል። እውነቱን ለመናገር፣ ኩራት ቢጤ ተሰማኝ። አደባባዩ ጋ ስንደርስ አንዲት ነጭ ኮፍያ ያደረገች ዶሮ ፊሽካ ነፍታ አስቆመችኝ። ትራፊክ ፖሊስ ናት።

"መብራትህን አጥፋ" አለችኝ።

"መብራት አላበራሁም፣ እመቤቴ። ተወልውዬ ነው።"

"በቀን በረዥሙ አብርተህ እየነዳህ ትከራከረኛለህ? ራስህን አጥፋው።"

"ራስ እንዴት ይጠፋል?"

"እሱን አላውቅም። እኔ ዶሮ ነኝ" አለችና ጥላ እስክታገኝ አትንቀሳቀስ ብላኝ ሄደች።

ጥላ ደግሞ በአካባቢው አልነበረም። ቆምኩ። ፀሐይዋ ዝቅ፣ ዝቅ እያለች መጥታ አናቴ ላይ ተቀመጠች። ሰሙ መቅለጥ ጀመረ። በመጀመሪያ ከራሴ ላይ በግንባሬ ወረደ፤ ከዚያ ከጉንጬ፣ ከዚያ ከደረቴ። ከሥሩ የጢሜ ሽበት ብቅ አለ። የፊቴ መስመሮች አንድ በአንድ ተመለሱ። የጭነት መኪናው ከትከሻዬ ወርዶ መነጽሩን ጠረገ።

"ይሄ ሰውዬ አሮጌ ነው።"

"አሮጌ አይባልም፣ ጌታዬ። የለመደ ነው" አለ ፍየሉ።

የጭነት መኪናው ዞሮ ሄደ። ፍየሉም ጢሙን እያሻሸ ተከትሎት ሄደ። መኪናዬ ብቻዋን አጠገቤ ቀረች።

"ቁራሌው ካልወሰደህ ሌላ የሚወስድህ የለም" አለችኝ። ድምፅዋ ቀጥኗል።

ወዲያው ከአደባባዩ ማዶ ጆንያ የተሸከመ ጅብ "ቁራሌው፣ ቁራሌው" እያለ መጣ። መጥቶም ክንዴን ጨበጥ ጨበጥ አደረገ፤ ጉልበቴን አጥፎ ዘረጋው።

"ጉልበቱ አይሠራም። ጆሮውን ግን ለመለዋወጫ እወስደዋለሁ" አለና ጆንያውን አፉን ከፈተው።

መሮጥ ፈለግሁ፤ እግሬ እምቢ አለ። መጮኽ ፈለግሁ፤ የቀለጠው ሰም ከንፈሬ ላይ ረግቷል። ያን ጊዜ ሚስቴ ፈንታነሽ ከላቫጆው በኩል እየሮጠች መጣች። ተራዋን ትታ ነው የመጣችው። ፀጉሯ ውሃ ያንጠባጥባል፤ የተቀባው አንድ ጉንጯ ብቻ ያበራል።

"ባሌ ነው። የትም አይሄድም" አለችው ጅቡን።

"ሞተሩ ጠፍቷል" አለች መኪናዬ።

"እገፋዋለሁ።"

"መንገዱ አቀበት ነው።"

"ባል መቼ ሜዳ ሆኖ ያውቃል?" አለችና ሁለት መዳፎቿን ጀርባዬ ላይ አደረገች።

ገፋችኝ። አልተነቃነቅሁም። ደግማ ገፋችኝ፤ አንድ እግሬ ተነሳ። ጅቡ ጆንያውን እንደዘረጋ ከኋላ ከኋላችን ይከተላል። የፈንታነሽ ትንፋሽ ጆሮዬ ሥር ይሰማኛል። በሕይወቴ እንደዚያ ያዘንኩላት፣ እንደዚያም የወደድኳት ቀን የለም። ከሆዴ ውስጥ አንድ ነገር ክሕ፣ ክሕ አለና ተቀጣጠለ፤ ከንፈሬ ላይ የረጋው ሰምም ለቀቀ።

"ግፊ፣ ፈንታነሽ" አልኩ። "ግፊ፣ ልነሳልሽ ነው።"

"ተነሳ ታዲያ" አለችና ከአልጋው ላይ ገፍትራ ጣለችኝ።

ወለሉ ላይ ቁጭ ብዬ ቀና አልኩ። ፈንታነሽ ለሠርግ የሚለበሰውን ቀሚሷን ለብሳ ቆማለች። ዛሬ የታናሽ ወንድሟ የይበልጣል ሠርግ ነው፤ ሙሽራው የሚሄደው በኔ መኪና ነው።

"ሸጡኝ?" አልኳት።

"ማን ይገዛሃል? ይልቅ ለመሆኑ መኪናዋን ትናንት ምን ቀባሃት?"

"ሰም።"

"የምን ሰም?"

የመኪናው ሰም ከሱቅ ስላለቀ ከጠጅ ቤት የማር ሰም ገዝቼ፣ አሙቄ፣ ቀኑን ሙሉ ስወለውላት እንደዋልኩ ነገርኳት። መጋረጃውን ገለጠችልኝ።

ግቢው በሰው ተሞልቷል፤ ሁሉም ግን አጥሩን ተደግፎ ነው የቆመው። መኪናዬ አትታይም። በቦታዋ የቆመው፣ መኪና የሚያህል የንብ መንጋ ነው። እምም ይላል። ከሹፌሩ መስኮት ላይ አንዲት መዳፍ የምታህል ቦታ ብቻ ቀርታለች፤ በእሷ በኩል የይበልጣል ክራባትና አንድ ዓይኑ ይታያሉ። በማለዳ መጥቶ፣ ክራባቱን በመኪናዋ መስታወት ሊያስተካክል ገብቶ ሳለ ነው አሉ ንቡ የወረደባት።

"ታዲያ ለምን ጭስ አያጨሱበትም?" አልኳት።

"ሽማግሌዎቹ እምቢ አሉ። በሠርግ ቀን ንብ የሰፈረበት ነገር በረከት ስለሆነ እስኪመሽ አይነካም አሉ።"

"ይበልጣልስ?"

"እሱም አይነካም።"