«ፕሮ» ላይ የፈረምኩበት ማክሰኞ

ሰው ሲበደር ወዳጅ ዘመድ ይመክረዋል፣ ይቆጣዋል፣ ሲብስበትም ይሸሸዋል። ከተማ ሲበደር ግን ማን ነው እጁን ይዞ «ኧረ ተው!» የሚለው? በፈረንጆቹ ዘጠናዎቹ አጋማሽ ላይ ይህን ከባድ ኃላፊነት እኔ ልሸከመው ተነሳሁ። ማንም አልለመነኝም።

የምንኖረው አሜሪካ፣ ከሬንተን ብዙም በማትርቅ፣ ከሲያትል የሚመጣ እንግዳ ሳያውቃት አልፏት በሚሄድ አንዲት ትንሽ ከተማ ውስጥ ነበር። እኔ ከኤርፖርት ወደ ሆቴል ሰው የማመላልስ የሻትል ሾፌር ነኝ። ባለቤቴ ጽጌ አዛውንቶች በሚጦሩበት ቤት ትሠራለች። አንድ ቅዳሜ ከማዘጋጃ ቤቱ ደብዳቤ መጣ። ከተማዋ ቦንድ ልትሸጥ፣ በግልጽ አነጋገር ልትበደር አስባለች፤ በብድሩ በትልቁ መንገድ ዳር የእግረኛ መንገድ ይሠራል፤ ባለ ቤቶች ደግሞ በቤት ግብራቸው ላይ እየተጨመረባቸው ሃያ ዓመት ይከፍላሉ። አስተያየት ያለው ማክሰኞ ይምጣ።

ሃያ ዓመት! እኔ እኮ ክሬዲት ካርድ ፈርቼ አሮጌ መኪናዬን በጥሬ ገንዘብ የገዛሁ ሰው ነኝ። «ቤቱንስ?» እንዳትሉኝ። የቤት ዕዳ ሠላሳ ዓመት ስለሆነ ሰው ይለምደዋል።

ጽጌ ደብዳቤውን አነበበችና «ታዲያ ቢሠሩት ምናለበት?» አለች። እኔ በዚያ ሰዓት ስለ መርህ እያወራሁ ስለነበር አልሰማኋትም።

ጎረቤታችን ጋሽ ወርቁ አገር ቤት በማዘጋጃ ቤት ጸሐፊነት አርጅተው ጡረታ የወጡ ሰው ናቸው። ጉዳዩን ስነግራቸው ዓይናቸው በራ። «ልጄ፣ ማዘጋጃ ቤት ሲበደር መጀመሪያ የሚገዛው ለኃላፊው ወንበር ነው» አሉኝ። ማክሰኞ ከረባታቸውን አስረው ከተፍ አሉ። እኔም በመዝገበ ቃላት እየታገዝኩ ሁለት ገጽ ሙሉ ተቃውሞ አዘጋጅቼ ነበር።

የማዘጋጃ ቤቱ አዳራሽ በር ላይ መናገር የሚፈልግ ሰው ስሙን የሚጽፍበት ወረቀት ተቀምጧል። ሁለት ዓምድ አለው፤ አንዱ «ፕሮ» ይላል፣ ሌላው «ኮን»። «ኮን» አጭበርባሪ ማለት እንደሆነ ከተሳፋሪዎቼ ሰምቻለሁ። አጭበርባሪዎች በገዛ እጃቸው ሳይን የሚያደርጉበት አገር መሆኑ ቢገርመኝም፣ አሜሪካ ነውና ብዙ አልተመራመርኩም።

«ጋሽ ወርቁ፣ ፕሮስ ምን ይሆን?» አልኳቸው።

«ፕሮፌሽናል ነዋ! የሙያ ሰው። ያንተ መንጃ ፈቃድ የሙያ አይደል?»

ነው እንጂ። ፈረምኩ። እሳቸውም ከሥሬ ፈረሙ።

ስብሰባው ተጀመረና ከንቲባዋ «መጀመሪያ ኮን የሚለው ላይ የፈረሙትን ተቃዋሚዎች እንስማ፤ ከዚያ ፕሮ የሚለው ላይ ያሉትን ደጋፊዎች» አሉ። እኔና ጋሽ ወርቁ ተያየን። በሙያችን ኮርተን የከተማዋ ብድር ደጋፊዎች ሆነን አረፍነው!

ከተቃዋሚዎቹ አንዱ፣ ቀይ ሸሚዝ የለበሰ ደልዳላ ሰው፣ ማይክራፎኑን ያዘ። «በዚያ መንገድ በየቀኑ እነዳለሁ» አለ። «በእግሩ የሚሄድ ሰው አንድም ቀን አይቼ አላውቅም። ለማን ብለን ነው የምንበደረው?» አዳራሹ አጨበጨበ። እኔም አጨበጨብኩ። ሁለተኛው ጭብጨባ ላይ ግን እጄ አየር ላይ ቀረ።

ጽጌ በዚያ መንገድ ነው የምትሄደው። ያለችንን አንድ መኪና እኔ ይዤ እወጣለሁ፤ እሷ በአንድ በኩል ቦይ፣ በሌላ በኩል የጭነት መኪና እየሸሸች፣ ጭቃውን ረግጣ እስከ አውቶቡስ ማቆሚያው ትሄዳለች። ዝናቡ ሲጠና ከሥራ የተሰጠኝን የሚያብረቀርቅ ቢጫ ሰደርያ «ስጠኝ» ብላኝ ሰጥቻታለሁ። ለምን እንደሆነ አልጠየቅኋትም፤ ለጓሮ ሥራ መስሎኝ ነበር። ለካ መኪኖቹ እንዲያዩአት ኖሯል! ሰውየው በየቀኑ እየነዳ አላያትም። እሱስ አያውቃትም። እኔን ምን ነካኝ?

ከንቲባዋ ስሜን ሦስት ቦታ ሰብረው ጠሩኝ። ጋሽ ወርቁ ክንዴን ያዝ አድርገው «ስህተት ነው በላቸው» አሉኝ በሹክሹክታ። ማይክራፎኑ ጋ ደርሼ ሁለቱን ገጽ አየኋቸውና አጥፌ ኪሴ ከተትኳቸው።

«ባለቤቴ በዚያ መንገድ በእግሯ ትሄዳለች» አልኩ በዚያ ኮልታፋ እንግሊዝኛዬ። «ቢጫ ለብሳ ነው የምትሄደው። ያላያት ሰው ቢኖር አልፈርድበትም። እኔም አላየኋትም ነበር።»

አመስግኜ ወደ ቦታዬ ሄድኩ። ሦስት ደቂቃ ተሰጥቶኝ ሁለቱን መለስኩ፤ ከተማዋ በዚያ ምሽት ያገኘችው ብቸኛ ቁጠባ ይኸው ነበር። ባለ ቀይ ሸሚዙ ሰውዬ አቀርቅሮ ጫማውን ያይ ነበር። ጋሽ ወርቁ ተጠርተው በአማርኛ ተናገሩ፣ እኔ ተረጎምኩ፤ «ይበደሩ፤ ግን ወንበር እንዳይገዙበት!» አሉ። ከንቲባዋ ወንበራቸውን ዞር ብለው አዩና ከሁሉም በላይ ሳቁ።

ቤት ገብቼ ለጽጌ ሁሉንም ነገርኳት። ትስቃለች ብዬ ነበር። እሷ ግን «አንድ ቀን የመኪና መስተዋት ክንዴን መትቶኝ አልፏል» አለች።

«ለምን አልነገርሽኝም?»

«ነገርኩህ እኮ! ስለ ጎማ ዋጋ እያወራህ ነበር።»



ቦንዱ ለሕዝብ ድምፅ ቀርቦ ለጥቂት አለፈ። እኔና ጽጌ ዜግነት ካገኘን ወዲህ የመጀመሪያ ድምፃችን ነበር። ብድርን እንደ ውርደት ብቻ ስቆጥር የኖርኩ ሰው ያን ሰሞን ብዙ አሰብኩ። ስማችንን በትክክል መጥራት የማይችሉ ሰዎች፣ ባለ ቀይ ሸሚዙንም ጨምሮ፣ ሚስቴ ቦይ ውስጥ እንዳትገባ ሃያ ዓመት ሊከፍሉ ነው። ይህን ዕዳ ብቻ ብሎ መጥራት ትንሽ ይከብዳል።

ሥራው ተጠናቀቀ በተባለ ሳምንት፣ በእረፍት ቀኔ፣ ጽጌን እስከ ማቆሚያው ልሸኛት ወጣሁ። ያን መንገድ ጎን ለጎን ስንሄድበት የመጀመሪያችን ነው። ገና አልነጋም። ሲሚንቶው አዲስ፣ ንጹሕ፣ ሰፊ ነው። ግማሽ መንገድ ላይ ጽጌ ቆም ብላ ወደ ላይ አየች።

«መብራት የለውም እኮ!» አለች። «እንግዲያ ለመብራቱም ይበደሩዋ!»

«ስንት ያስወጣል?» ልላት አፌን ከፈትኩ። የወጣው ግን፣ «በስንት ዓመት የሚከፈል?» የሚል ነበር።