ደቦ ያለፈ ነው ወይስ የሚመጣ?

ታሪክ ወዴት እንደሚሄድ የሚያውቅ ሰው ገጥሟችሁ ያውቃል? ወደ ካቺሲ ከተማ የሚሄደው መኪና ስንት ሰዓት እንደሚነሣ አያውቅም፤ የሰው ልጅ ነገ የት እንደሚደርስ ግን ደረጃ በደረጃ ይነግራችኋል። አምቦ አጠገብ ባለው የገበሬ ማኅበራችን እንዲህ ያለ ካድሬ ነበረን። ከጋርዮሽ ተነሥቶ፣ በባሪያ አሳዳሪና በፊውዳል በኩል አሳልፎ፣ ከምሳ በፊት ኮሙኒዝም ያደርሰናል።

አንድ የኅዳር ጠዋት ውይይት ላይ ሳለን ጎረቤቴ ኦቦ ቶለሳ ተነሡ።

«ጓድ፣ የታጨደ ጤፌ ሜዳ ላይ ነው፤ ሰማዩም ጠቁሯል። ለዛሬ ደቦ ጠርቻለሁና ሰዎቹን ይልቀቁልኝ።»

«ደቦ የጋርዮሽ ዘመን ቅሪት ነው፤ ወደ ኋላ አንመለስም!» አለ ካድሬው።

እዚህ ላይ ዝም ማለት ነበረብኝ። ግን ያለ አስተማሪ ያነበብኩ ሰው ነኝና እጄን አወጣሁ።

«በኮሙኒዝምም ሰው በጋራ ይሠራል ብለውናል። ታዲያ ደቦ ያለፈ ነው ወይስ የሚመጣ?»

ካድሬው ደብተሩን ቢያገላብጥ ግራ ገባው፤ እኔም ግራ ገባኝ። ከተሰብሳቢው ገሚሱ ያለፈ ነው አለ፣ ገሚሱ የሚመጣ ነው አለ፤ እኔ ብቻዬን ሦስት ጊዜ ተናገርኩ። ዝናቡ የአዳራሹን ቆርቆሮ መደብደብ ሲጀምር ገና አልተስማማንም።

ኦቦ ቶለሳ ወደ እኔ ዞሩ። «አንተ ሰው፣ እኔ ይልቀቁልኝ አልኩ እንጂ ያስረዱኝ አልኩ?»

ልጆቼን አንብቡ እያልኩ የምቆጣ አባት ነኝ፤ አሁንም እቆጣለሁ። ደቦ ያለፈ ይሁን የሚመጣ ግን እስከ ዛሬ አላወቅሁም። የማውቀው የጎረቤቴ ጤፍ ዝናብ መትቶት ነዶው ላይ እንዳለ መብቀሉን ነው፤ ጥፋቱን ለካድሬው ብቻ ብሰጥ ደግሞ ዋሸሁ።