አንገቷን ያቀናችው ፒካፕ

ማኪና ስትሰግድ አይታችሁ ታውቃላችሁ? የእኛዋ ትሰግድ ነበር። የአባቴ ፒካፕ ባዶዋን ስትቆም ኋላዋ ከፍ፣ አፍንጫዋ ዝቅ ይላል። ምን ይደንቃል ትሉ ይሆናል። እውነት ነው፣ የጭነት ማኪና ብዙው እንደዚያ ነው፤ ኋላው ከፍ የሚለው ጭነት እየጠበቀ ነው። እኛ ቤትም ማንም ነገሬ ብሎት አያውቅም፤ አንድ ሰው እስኪናገር ድረስ።

ሰውየው ጎረቤታችን አያ በላይ ነው፤ ፀጉር ቆራጭ። ምላሱ ከምላጩ ይብሳል። አንድ ቀን አባቴ ፒካፗን ቀበሌው በር ላይ አቁሞ ሲወርድ፣ አያ በላይ ከሱቁ ደጃፍ ሆኖ፣ “አያ ታከለ፣ ማኪናህ ካንተ ቀድማ ለሊቀመንበሩ እጅ ነሣች” አለው። እዚያ የነበረ ሰው ሁሉ ሳቀ። አባቴ አልሳቀም። ጎንደሬን ድሃ ነህ በሉት፣ ይችለዋል። ሰገድክ በሉት፣ ያኔ ጉድ ፈላ። ያውም ለቀበሌ ሊቀመንበር።

ያን ሰሞን እህል አልዋጥለት አለ። ማኪናዋን ይዞራታል፣ ጎንበስ ብሎ ያያታል። እናቴ ምነው ሰውየው፣ ምን ሆንክ ትለዋለች። በመጨረሻ አዘዞ ወሰዳት። እዚያ ይርጋ የሚባል መካኒክ ወዳጅ አለው። ይርጋ ነገሩን ሲሰማ ከአባቴ ይልቅ እሱ ተናደደ፤ እኔ እያለሁማ አንገቷን ደፍታ አትኖርም ብሎ ክሪክ አነሣ አሉ። እሱም ጎንደሬ ነዋ። ፊቷን በሚሸከመው ባሌስትራ ላይ ብረት ደረበላት፤ ፊቷ ከኋላዋ ጋር እኩል ሆነ። ቀጥሎ ቆሞ ከቀረ ጂፕ የወረዱ አራት ሰፋፊ ጎማዎች ፈልገው አለበሷት። ጎማው ከጭቃ መከላከያው ጋር ሲጋጭባቸው የመከላከያውን ጠርዝ በመዶሻ ገፋ ገፋ አደረጉና ይበቃል ተባለ።

ይዟት ሲመጣ ሰፈሩ ወጥቶ አያት። ሐሰት ምን ያደርጋል፣ ሸጋ ሆናለች። አባቴ አያ በላይ ሱቅ ፊት ለፊት አቆማትና ቤቱ ገባ። አሮጌዎቹ ጎማዎች ጓሮ ተጣሉ። ዶሮዋ ወዲያው አንዱ ውስጥ ገብታ ታቀፈች።

ቅዳሜ ትክል ድንጋይ ገበያ ይዞኝ ሄደ። ስንሄድ ባዶ ነን፣ ደህና ነን። ስንመለስ ጤፍ ጫንን። ጆንያው ሲደረደር ኋላዋ ቁጭ አለ፤ ፊቷ ወደ ሰማይ ተነሣ። ቅኔ እንደጠፋበት ደብተራ ሽቅብ ታያለች። ከመስታወቱ ማዶ የሚታየኝ ደመና ብቻ ነው። መሪው እንደ ቅል ቀሏል፤ አባቴ ወደ ቀኝ ሲያዞረው እሷ ቆይታ፣ አስባበት ነው የምትዞር። በየጥምዝምዙ ደግሞ ጎማው ቆርቆሮውን ሲፍቅ ጥርስ ያሳክካል። እኔ ፈሪ ነኝ። ጎንደር እስክንገባ የማውቀውን ታቦት ሁሉ ጠራሁ። አባቴ ፈገግ ብሎ፣ አየሽ እንዴት ቀና እንዳለች ይለኛል።

ሳይቸግር ጤፍ ብድር የሚሉት እንዲህ ያለውን ነው። ብዙም ሳይቆይ ቀበሌው ጥሩምባ አስነፋ። የጭነት ማኪና ያለው ሁሉ ማክሰኞ የቀበሌው ሜዳ ላይ አምጥቶ ያሰልፍ፣ ለዘመቻ ይመረጣል ተባለ። ማኪና ሲመረጥ ሾፌሩም አብሮ ነው። አባቴ ደግሞ ባለቤቱም ሾፌሩም ራሱ ነው። ባለፈው ጊዜ ከሰፈራችን አንድ ሾፌር ከነማኪናው ሄዷል፤ የት እንደደረሰ የሚያውቅ የለም። ሚስቱ ማኪና ባለፈ ቁጥር በር ትከፍታለች።

እናቴ ያቺን ሴት እያሰበች አባቴን ለመነችው። ያን ጎማ አውልቅና አሮጌውን መልስ፣ ብረቱንም አስወጣ፣ ትስገድ ግዴለም፣ የሰገደችን ማን ይመርጣታል አለችው። እሱ ያቀናሁትን አንገት በገዛ እጄ አልደፋም ብሎ ጥሏት ወጣ።

ማክሰኞ ከትምህርት ቤት ቀርቼ ሜዳው ሄድኩ። ሌሎቹ ሾፌሮች ማኪናቸውን ጭቃ ቀብተው፣ አንዱማ ጎማውን አስተንፍሶ ነው የመጣ። የእኛዋ ታጥባ ታብረቀርቃለች። ሊቀመንበሩ ሜዳው ዳር አግዳሚ ወንበር ላይ ተቀምጧል፤ የሚመርጠው ግን ወታደሮች አስከትሎ ከጦሩ የመጣ መቶ አለቃ ነው። መቶ አለቃው ባለጭቃዎቹን በዓይኑ ገረፍ ገረፍ እያደረገ አልፎ እኛዋ ጋ ቆመ። ጎማዋን በጫማው መታ መታ አደረገና ይቺስ ደህና ናት፣ የማን ናት አለ። አባቴ ደረቱን ነፍቶ የእኔ ናት አለ። አይ አባዬ።

እዚህ ላይ አንድ ነገር ልንገራችሁ። እስከ አምና ክፍል ውስጥ ድምፄን የሰማ የለም። ዝም ባለ አፍ ዝንብ አይገባም ብዬ ነው የኖርኩት፤ ያውም በዚህ ዘመን። ዘንድሮ የፊዚክስ አስተማሪያችን ስለ ሚዛን፣ አንዱ ጫፍ ሲወርድ ሌላው ለምን እንደሚነሣ ጠየቁና የሚመልስ ሲጠፋ እጄን አወጣሁ። ልክ ነሽ አሉኝ። ከዚያ ወዲህ ይኼ እጅ እኔን ሳያማክር ይወጣል። ሜዳው ላይም ወጣ።

መቶ አለቃው አየኝና፣ ምነው ተማሪ፣ ሽንትሽ መጣ ወይ አለኝ። ወታደሮቹ ሳቁ። እጄን ሳላወርድ ተናገርኩ።

“ጓድ መቶ አለቃ፣ ባዶዋን አይዩዋት። ሰው ይጫንባትና ይዩዋት።”

አባቴ ዞሮ አየኝ፤ ዓይኑ እንባ አቀረረ። ማኪናውን ያወደስኩለት መስሎታል እኮ። ልጄ ልክ ናት፣ ይጫኑ አለ።

ወታደሮቹ ከነመሣሪያቸው ዘለው ወጡ። ኋላዋ ቁጭ፣ ፊቷ ብድግ። እስኪ ሜዳውን ዙርባት ተባለ። ቀጥ ብሎ ሲነዳ ደህና ነበር። ሊዞር ሲል ጎማው ቆርቆሮውን ይፍቅ ጀመር፤ ሜዳ ሙሉ ሰው ጆሮውን ያዘ። አባቴ መሪውን ያዞራል፣ እሷ ታስባለች። እያሰበች በቀጥታ ወደ አግዳሚው ወንበር። ለአባቴ ደግሞ ሰማይ እንጂ ሊቀመንበር አይታየውም። ያን ያህል ሆዱ የገፋ ሰው እንዲያ ይሮጣል ብትሉኝ አላምንም ነበር። ወንበሩ ተሰባበረ፤ ሰው ተረፈ።

መቶ አለቃው ይቺ ጠላትን ትታ እኛን ነው የምትጨርሰው፣ ከዓይኔ አርቃት አለ። ትንሽ ሄድ ብሎ ግን ዞር አለና ጎማዎቹን አያቸው። እነሱ እንኳ አይናቁም አለ። ወታደሮቹ ጎማዎቹን ሊፈቱ ክሪክ አወጡ። እኔ አሮጌዎቹን ላመጣ ቤት ሮጥኩ። እናቴ ዶሮዋን አባርራ፣ ትሳቅ ታልቅስ ሳይለይ፣ አብራኝ ጎማ ስታንከባልል ሰፈሩ ቆሞ አያት።

ቄሳችን ትዕቢት ውድቀትን ይቀድማል ይላሉ። አባቴን ለጥፋት ያቀረበውም፣ ከጥፋት ያወጣውም ያው ትዕቢቱ ነው። ቄሱ ግማሹን ብቻ ነው የነገሩን።

ታዲያ ደስ አለው? ጭራሽ። አኮረፈ። እኔን ይጥሉኝ ግዴለም፣ ማኪናዬን በሰው ፊት እንዲያ ያዋርዷት? ይላል። ሰው ይጫንባት ያልኩት እኔ ነኝና እኔንም የዚያን ሰሞን አላናገረኝም። እስከ ቀበሌው ስብሰባ ድረስ። ሊቀመንበሩ ለዘመቻው ያዋጣችሁ ተነሥታችሁ ተናገሩ ሲል፣ ብርድ ልብስ የሰጠውም በሶ ያስፈጨችውም እየተነሡ ተናገሩ። አባቴ ካባ እንደደረበ ሰው ቀስ ብሎ ቆመ። “የእኔ አራት ጎማዎች ግንባር ናቸው” አለ። አዳራሹ አጨበጨበለት።

እናቴ ነጠላዋን አፏ ላይ ይዛ ወደ ጆሮዬ ጠጋ አለች።

“ይዝመቱ፤ ጎማ ሚስት የለው።”