ሊቀ ገማቾች አቶ ሣህሌና የማይታዩት ጎረቤቶች

በየመሥሪያ ቤቱ ሳይቆጥር የሚያውቅ አንድ ሰው አይጠፋም። ለእኛ ለጂንካዎች የደረሱን ሊቀ ገማቾች አቶ ሣህሌ ናቸው። የሰብል ባለሙያ ስለሆኑ ከአንድ ማሳ ጥግ ጥቂት በቆሎ ቆጥረው የወረዳውን ምርት ይናገራሉ። «ናሙና ይበቃል፤ የቀረው ማባዛት ነው» ይላሉ።

ከማሳ ወጥተውም አያርፉም። ሠርግ ቤት የአንድ ጠረጴዛ አጥንት አይተው ስንት በሬ እንደታረደ ያውጃሉ። አንድ እሁድ ደግሞ ጸሎት ቤት ውስጥ በአንድ አግዳሚ ወንበር ላይ የሚያዛጉትን ቆጥረው የጉባኤውን እንቅልፍ አሰሉ። ፓስተሩ ወር ሙሉ ሰላም አላሏቸውም።

ኦሞ ወንዝ ዳር ወዳለችው የዱስ መንደር ለመስክ ሥራ ወርደን ሳለ፣ ሲመሽ፣ የቢሯችን ጸሐፊ ወሰንየለሽ በሰማይ ያሉትን ኮከቦች ብዛት እንዲገምቱላት ጠየቀቻቸው። ለመሳቅ ነበር። እሳቸው ግን አልሳቁም፤ ለፀሐይ ቅርብ የሆኑትን ቆጥሮ፣ ክልሉን አስፍቶ ማባዛት ነው አሉ። እሷ ጣቷን ወደ ሰማይ ቀስራ መቁጠር ስትጀምር አስቆሟት።

«በዓይን አይሆንም፣ ወሰኔ። ቅርብ ጎረቤቶቻችን አብዛኞቹ ደብዛዛ ናቸው፣ አይታዩም። ይሄ የሚያብረቀርቀው አብዛኛው የሩቅ ነው።»

ባለፈው ሰኔ ጡረታ ወጡ። ወደ ትውልድ አገራቸው ሊሄዱ ነውና ሽኝት አሰብንላቸው፤ ስንት ወንበር እንደምንከራይ የጠየቅነውም እሳቸውን ነው፤ ሌላ ማንን እንጠይቃለን? በሳምንት ስልካቸው ስንቴ እንደሚጮኽ ቆጥረው አባዙና «አሥራ ሁለት ይበቃል» አሉ። መነጽራቸውን ሲጠርጉ አየሁ። ሠላሳ ዓመት ጂንካ ኖረው የሚሸኛቸው እንዳይጠፋ ፈርተዋል።

በዕለቱ አሥራ ሁለቱ ወንበር ገና በጠዋት አለቀ። በቆሏቸውን የቆጠሩላቸው የአሪ ገበሬዎች መጡ፣ የባጃጅ ሾፌሮች መጡ፣ የሆስፒታሉ ዘበኞች መጡ። አንዳቸውም ደውለውላቸው አያውቁም። ፓስተሩ ሳይቀሩ ከአጥሩ ሥር ቆመዋል።

ወሰንየለሽ ናሙና ወስደው እንዲያባዙልን ብትጠይቃቸው፣ ራሳቸውን ነቀነቁ።

«ዛሬ አይባዛም» አሉ። «አንድ በአንድ ነው።»

ሰው ተሰልፎ፣ እሳቸው እየጨበጡ ይቆጥሩ ጀመር። እኔ፣ አሥራ ስድስት ዓመት ሙሉ በየቁጥራቸው ስከራከር የኖርኩት ሰው፣ አርባ ሦስተኛ ሆኜ ተጨበጥኩ። ከዚያ በአጥሩ ዞሬ ከሰልፉ ጭራ ገባሁ።

«አንተማ ተቆጥረሃል» አሉኝ፣ እንደገና ሲደርሱብኝ።

«ይድገሙኝ» አልኳቸው።

ደገሙኝ።